ከልደታ እስከ አቡሴራ፦ ትንንሽ አውሮፕላኖች የት ይረፉ?

ጥር 2018 ዓ.ም. ላይ ከቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ፣ የአዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው የሚያወራው ስለ መጠኑ ነው። አራት መንደርደሪያ ይኖረዋል። ሁሉም ምዕራፍ ሲያልቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ቦሌ በቅርቡ ተስፋፍቶም እንኳ አቅሙ 25 ሚሊዮን ገደማ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያዋን ስትቀይር ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከስድሳ ዓመት በፊት ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛውራለች። ያን ጊዜ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ደህና ቤት አገኙ። ትንንሾቹ ግን የእኔ የሚሉት ቦታ ሳያገኙ ቀሩ። አሁን ሁለተኛው ጉዞ ሊጀመር ነው። ስለ ትንንሾቹ የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አልሰማሁም።

የልደታ ሜዳ ያለው ኦልድ ኤርፖርት በሚባለው ሰፈር ነው። ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ሰፊ ግቢ ያለው ቪላ፣ ኤምባሲ፣ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት፣ የጎልፍ ሜዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዶላር የሚጠየቅ ኪራይ ነው። ከሳር ቤት በብሥራተ ገብርኤል በኩል ሽቅብ የሚመላለሰው ሕዝብ፣ እዚያው ጎን አንድ ጊዜ የአገሪቱ ዋና የአየር በር እንደነበረ ልብ አይልም። አይፈረድበትም። ሜዳው ከሲቪል ሥራ ከወጣ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ቀጥሎ በጦሩ እጅ ስለገባ ተራ ሰው ዘው ብሎ የሚያየው ቦታም አይደለም። በዓለም አቀፍ መዝገቦችም የተጻፈው የልደታ ጦር ሠራዊት ማረፊያ ተብሎ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በትንንሾቹ ነው

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከአየር መንገዱ ተነስቶ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ ምዕራፍ አለ፣ እሱም የትንንሽ አውሮፕላኖች ምዕራፍ ነው። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለች ፈረንሳይ ሠራሽ ነበረች። ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ክንፏ ድርብ ነው። ከሳምንታት በኋላ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ ተከተለ። በማግሥቱ ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

በዚያው ሰሞን አንድ አስቂኝም አሳዛኝም ነገር ተከሰተ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከኒውዮርክ የመጣው ጥቁር አብራሪ ኸበርት ጁሊያን ጂፕሲ ሞዝ የተባለችውን የንጉሡን ትንሽ አውሮፕላን አስነስቶ ባሕር ዛፍ ላይ ከሰከሳት። እሱ ተረፈ። አውሮፕላኗ ግን ከጥቅም ውጭ ሆነች። ጁሊያንም ከአገር ተባረረ። ይህን የማነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ይህ ሁሉ ሲሆን የአዲስ አበባ ከፍታ አብራሪዎችን ይፈትን ነበር። ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን፣ ምክንያቱም ልደታን ያዘጋውም ይኸው ከፍታ ነው።

ፀሐይን ደግሞ አንርሳት። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ አገር የሠራት ትንሽ አውሮፕላን ናት። በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። ጣልያን ወርሮ ወሰዳት፣ ለአሥርት ዓመታት በሙዚየም አስቀመጣት። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሮም ላይ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ሁላችንም ደስ ብሎን ፎቶዋን ተቀባበልን። በዚህች ዓይነት መጠን ያለ አውሮፕላን ዛሬ አንድ ወጣት መካከለኛው አዲስ አበባ ላይ ላብርር ቢል የት ነው የሚሄደው? መልስ የለም።

የልደታ ዘመን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። አስተዳደሩን የያዘው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ነበር። መነሻ ካምፑ ልደታ ሆነ። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አውሮፕላኑ ሲ-47 ነበር፣ ማለትም ዲሲ-3 የጦር ልብሱን ሳያወልቅ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ተገዝተው ነበር። ወንበራቸው በጎንና በጎን የተዘረጋ አግዳሚ ነው። መንገደኛ ከዕቃ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሄዳል።

ይህ አውሮፕላን ለልደታ ልክ ነበር። ሣር ላይ ያርፋል። አጭር ሜዳ ይበቃዋል። ያኔ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ክረምት ላይ ይቆረጣል። ጅማ፣ ጎባ፣ ጋምቤላ፣ ደምቢዶሎ በዓመቱ ግማሽ ከአዲስ አበባ ጋር የሚገናኙት በአየር ነው። ቡና፣ ቆዳ፣ ፖስታ፣ ሕመምተኛ፣ ዳኛ ሁሉም በዚያው አግዳሚ ይጫናሉ። ከልደታ ተነስቶ የሚበረው በረራ ለብዙ ወረዳ ብቸኛው መንገድ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑትም በዚሁ የፕሮፔለር ዘመን ነው።

ትንንሾቹም ከጎናቸው ነበሩ። ጆን ሮቢንሰንን የማያውቅ ካለ፦ ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ የንጉሡን አየር ኃይል መርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን አሠለጠነ። መጋቢት 1946 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን አደጋ ደርሶበት በዚያው ወር አረፈ። የሚነገረው ለሕክምና የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር እንደነበር ነው። የዚያን ጊዜ ትንሽ አውሮፕላን ምን ይሠራ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ልደታን የዘጋው አየሩ ነው

ልደታ የተዘጋው በተንኮል አይደለም፣ በፖለቲካም አይደለም። በፊዚክስ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አያነሳም። ሞተርም የሚፈልገውን ያህል አየር አያገኝም። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ጅቡቲ ላይ ከሚያስፈልገው በጣም የረዘመ መንደርደሪያ እዚህ ይፈልጋል። ባለ አንድ ሞተር ሴስና 172 እንኳ በዚህ ከፍታ ለመነሳት ከባሕር ወለሉ ከእጥፍ በላይ ርቀት ይጠይቃል።

ዲሲ-3 ይህን ይችለው ነበር። ጄት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. አየር መንገዱ ቦይንግ 720ን ለመግዛት ሲወስን የልደታ መንደርደሪያ እንደማይበቃ ታወቀ። ማራዘምም ቀላል አይደለም። ዙሪያው ሰፈር ነው፣ ወንዝና ገደል አለ። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የቦሌ ሜዳ ግን ያኔ እርሻ ነበር። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የቦሌ መንደርደሪያና መቆጣጠሪያ ማማ ሥራ ጀመሩ። ጥር ላይ የጄት በረራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ጄት የሚቀበል ማረፊያ በጊዜው ባይደርስ ኖሮ አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና ነኝ ማለት በጣም ይከብዳት ነበር። ስለዚህ ወደ ቦሌ መሄዱ ትክክል ነበር። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። መንገደኛው ቦሌ ሄደ። ሜዳው ቀስ በቀስ የወታደር ሆነ። ሄሊኮፕተርና ቀላል የጦር አውሮፕላን ገባበት። አንድ ቀን ተነስቶ "ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል" ያለ የለም። ስለዚህ ለቅሶም አልነበረም። በ1953 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ አዲስ አበባ 443,728 ሰው ነበራት። ዛሬ በሚሊዮኖች የምትቆጠር ከተማ መሃል ያለ ሜዳ ሆኗል። ሰፈሩ አድጎ ከበበው። ጦር ኃይሎች፣ ልደታ፣ ቆሬ፣ መካኒሳ ተገጣጠሙ።

ናይሮቢ ምን አደረገች?

ነገሩን ለማየት ናይሮቢ መሄድ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ታሪኩ ከእኛ ጋር እስከ አንድ ነጥብ ድረስ አንድ ዓይነት ነው።

ናይሮቢም ትልቅ አውሮፕላን የሚያርፍበት አሮጌ ሜዳ ነበራት፣ ኢስሊ ላይ። አዎ፣ ያ የእኛ ሰዎች የሞሉበት ኢስሊ። ጄት ሊመጣ ሲል ኢስሊ አልበቃም። በ1958 እ.ኤ.አ. ኢምባካሲ ተከፈተ፣ ዛሬ ጆሞ ኬንያታ የሚባለው። ኢስሊ ለጦሩ ቀረ፣ አሁን ሞይ አየር ጦር ሰፈር ነው። እስከዚህ ድረስ ልደታና ቦሌን በሌላ ስም ነው የምናነበው።

ልዩነቱ ናይሮቢ ሦስተኛ ሜዳ ነበራት። ዊልሰን ይባላል። ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን የተባለች ሴት በ1929 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የትንንሽ አውሮፕላኖች ድርጅት ማረፊያ ነበር። ከከተማዋ መሃል አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። ኢምባካሲ ሲከፈት ዊልሰንን አልዘጉትም። ለወታደርም አልሰጡትም። ለትንንሾቹ ተዉላቸው።

ውጤቱን ዛሬ ማየት ይቻላል። በራሪ ሐኪሞች የሚባሉት የአምሬፍ አውሮፕላኖች መነሻ ዊልሰን ነው። ወደ ማሳይ ማራ የሚሄደው ቱሪስት የሚሳፈረው እዚያ ነው። ወደ ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን የሚሄድ የእርዳታ ሠራተኛ እዚያ ይሰለፋል። የበረራ ትምህርት ቤቶቹ፣ የጥገና ጋራዦቹ፣ የበረራ ክበቡ እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። ወደ ሞቃዲሾ የሚሄደው ሚራ፣ እኛ ጫት የምንለው፣ ለዓመታት በዊልሰን ነው የተጫነው። አንድ አብራሪ ተማሪ ሆኖ ገብቶ፣ በቻርተር ሰዓት ቆጥሮ፣ ካፒቴን ሆኖ የሚወጣበት ሙሉ መንደር ነው።

ዊልሰን ያለ ችግር ነው ማለቴ አይደለም። ዙሪያው ላንጋታና ኪቤራ ነው። ጫጫታ አለ፣ አደጋም አለ። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አንድ የማሠልጠኛ ሴስናና አንድ የመንገደኛ ዳሽ 8 ከዊልሰን እንደተነሱ አየር ላይ ተጋጭተው ሴስናው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ከተማ መሃል የተጨናነቀ ሜዳ ዋጋ ያስከፍላል። ኬንያውያንም ይዝጉት አይዝጉት እያሉ ደጋግመው ይከራከራሉ። ቢያንስ ግን የሚከራከሩበት ነገር አላቸው።

እኛ የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ባለቤት ነን። በትንሽ አውሮፕላን ግን ጎረቤታችን ትበልጠናለች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

"የሀብታም መጫወቻ" ስለሚባለው

ጄኔራል አቪዬሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የባለጸጋ የግል ጄት ነው። እሱም አለበት። ግን ቃሉ የሚያቅፈው መደበኛ የመንገደኛ በረራና የጦር በረራ ያልሆነውን ሁሉ ነው። የሰብል መድኃኒት መርጨት፣ የበረራ ትምህርት፣ የአየር አምቡላንስ፣ ካርታ ለማንሳት የሚደረግ በረራ፣ ቻርተር፣ የነፍስ አድን ፍለጋ፣ የስፖርት በረራ ሁሉ እዚህ ይገባል።

በዚህ አገር የዚህን ጥቅም ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የኢትዮጵያን አየር ኃይል ካደራጁት አንዱ ነው። በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ ተመልሶ መጣ። መንገድ የማይደርስባቸው ተራራማ ቦታዎች ላይ ከትንንሽ ሳብ አውሮፕላኖች የእህል ከረጢት ይጥል ነበር። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነቱ መሃል ተገደለ። የእሱን ሥራ ትልቅ አውሮፕላን አይሠራውም። ገደል ውስጥ ዝቅ ብሎ መብረር ይፈልጋል።

ወይም አንበጣን እንውሰድ። በ2012 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው የበረሃ አንበጣ በሩብ ምዕተ ዓመት ያልታየ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚረጩት አውሮፕላኖች የት አሉ? የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተወለደው አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው። ሃንጋሩ ያለው ግን ናይሮቢ ዊልሰን ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ለመገመት አይከብድም።

ደግሞ አቅም አልነበረንም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አግ-ካት የተባለውን የእርሻ መርጫ አውሮፕላን እዚሁ ገጣጥሞ "እሸት" ብሎ አውጥቷል። የራሱ የእርሻ አቪዬሽን ክፍል ነበረው። ዛሬም አቢሲኒያን ፍላይት ሰርቪስን የመሰሉ የግል ድርጅቶች አብራሪ ያሠለጥናሉ፣ ቻርተር ያበራሉ። የጎደለው ሙያው አይደለም።

ቦሌ ለምን አይመቻቸውም?

"ቦሌ አለ አይደል?" የሚል ይኖራል። አለ። ግን ቦሌ ሃብ ነው። ሃብ ማለት በተወሰኑ ሰዓታት ብዙ ትልልቅ አውሮፕላን አንድ ላይ ገብቶ አንድ ላይ የሚወጣበት ቦታ ነው። በእነዚያ ሰዓታት እያንዳንዷ ደቂቃ ገንዘብ ናት።

አሁን አንዲት ሴስና መሃል ላይ አስገቡ። ትልቅ አውሮፕላን ሲነሳ ከክንፉ ጫፍ አየሩን እያጠነጠነ ነው የሚሄደው። ያ አዙሪት ትንሿን ሊገለብጣት ይችላል። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ደንብ ቀላል አውሮፕላን ከከባድ ኋላ ለመነሳት ቢያንስ 2 ደቂቃ ይጠብቃል። ለማረፍ ደግሞ የበለጠ ርቀት ይጠይቃል። ሴስና ስትመጣም ፍጥነቷ ትንሽ ስለሆነ ከኋላዋ ያለው ኤርባስ ዙሪያ ይዞራል። ለተማሪ ደግሞ ዋናው ልምምድ መነሳትና ማረፍ፣ መነሳትና ማረፍ ነው። ይህን ደጋግሞ የሚያደርግ ተማሪ ለቦሌ ተቆጣጣሪ ራስ ምታት ነው። ለተማሪውም ሞተር አስነስቶ ተራ ሲጠብቅ የሚቃጠለው ነዳጅ ከኪሱ ነው የሚወጣው።

ነዳጅ ካነሳን፣ ብዙዎቹ ባለ ፒስተን ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙት የጄት ነዳጅን ሳይሆን አቭጋዝ የተባለ ልዩ ቤንዚን ነው። ለጥቂት ሴስና ብሎ ቦሌ ላይ አቭጋዝ ማከማቸትና ማቅረብ ለማንም የሚያጓጓ ንግድ አይደለም። ብዙ ትንንሾች አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ዊልሰን የሚሠራውም ለዚህ ነው።

ትንንሽ ማረፊያ ለምን ይዘጋል?

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቺካጎ ሐይቅ ዳር ሚግስ ፊልድ የሚባል ትንሽ ማረፊያ ነበራት። በ1948 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ከመሃል ከተማው በእግር የሚደረስ። የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን ኢንተርኔት ካፌ ላይ የተጫወተ የእኛ ዘመን ልጅ ሳያውቀው አውቆታል፣ ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ነበርና። መጋቢት 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ሌሊት ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ ዶዘር ላኩበት። ጠዋት መንደርደሪያው ላይ በትልቁ የኤክስ ምልክት ተቆፍሮበት ተገኘ። 16 አውሮፕላኖች እዚያው ተይዘው ቀሩ፣ በኋላ በታክሲ መንገዱ ላይ ተነስተው ወጡ። ከንቲባው ምክንያቱ ደኅንነት ነው አሉ። ፍላጎታቸው ግን ቦታውን መናፈሻ ማድረግ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። የፌዴራሉ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከተማዋን 33,000 ዶላር ቀጣ። በኋላም ከተማዋ የወሰደችውን የማረፊያ ድጎማ 1 ሚሊዮን ዶላር መለሰች። ማረፊያው ግን አልተመለሰም።

በርሊን በሌላ መንገድ ሄደች። ቴምፕልሆፍ በ2008 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ "ቤት አይሠራበት" አለ። ዛሬ ሰው በመንደርደሪያው ላይ ብስክሌት ይነዳል። አብራሪዎቹ አጡ፣ ከተማው ግን ሜዳውን አተረፈ። የካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካም ማረፊያዋን በ2028 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ለመዝጋት ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ተስማምታለች።

ምክንያቱ በየቦታው ይመሳሰላል። አንዱ መሬት ነው። ሁለተኛው ጫጫታ። ሦስተኛውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እሱም የሕንፃ ከፍታ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደንብ፣ በትልቅ ማረፊያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከ45 ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር መሰናክል ሊባል ይችላል። ለትንሽ ሜዳ ርቀቱ ያንሳል፣ ገደቡ ግን አለ። ይህ ማለት ማረፊያ የሚይዘው የራሱን መሬት ብቻ አይደለም። የጎረቤቱንም ሰማይ ይይዛል። ሰንጋ ተራ ላይ 209 ሜትር የባንክ ማማ ለሚተክል ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ልደታን ለሲቪል አብራሪ እንመልስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ዕድሉ አልፏል። ሰፈሩ ተሠርቷል፣ ሕንፃው ቆሟል፣ ቦታውም የመከላከያ ነው። ማንም ከንቲባ በዚያ ሜዳ ላይ ተማሪ አብራሪ ከብሥራተ ገብርኤል ጣሪያ በላይ እንዲዞር አይፈቅድም፣ ባይፈቅድም ልክ ነው።

ታዲያ ቦሌ?

ዕድሉ ያለው ቦሌ ላይ ነው። የቢሾፍቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2030 እ.ኤ.አ. ይጠናቀቃል ተብሏል፤ ያኔ ዓለም አቀፉ በረራ ወደዚያ ይሄዳል። ቢሾፍቱ ዝቅ ያለ ቦታ መሆኑም አንዱ ምክንያት ነው። ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የበለጠ ጭነው መነሳት ይችላሉ። ልደታን ያዘጋው ያው የሳሳ አየር አሁን ቦሌን ገፍቷል ማለት ነው። አየር መንገዱ ሲገልጽ እንደቆየው ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ ይቆያል።

የአገር ውስጥ በረራ ብቻውን ግን የ3,800 እና የ3,700 ሜትር ሁለት መንደርደሪያ አይሞላም። ትርፍ ቦታ ይኖራል። ትርፍ ሰዓትም ይኖራል። ያን ጊዜ ቦሌ ላይ ዓይኑን የማያሳርፍ የለም። መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር ውሳኔው የገበያ ሳይሆን የፕላን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በኋላ አይገኝም። የኮሪደር ልማቱ ፍጥነት አስተምሮናል፦ አንድ ቦታ ከተወሰነበት በኋላ ለክርክር የሚቀረው ጊዜ ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም።

እኔ የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ከሁለቱ መንደርደሪያ በአንዱ በኩል ለትንንሾቹ የተለየ መቆሚያና ሃንጋር። አንድ የአቭጋዝ ጋን። ለተማሪ የተመደበ ሰዓት። ለአየር አምቡላንስ ወደ አስፋልት መንገድ በቀጥታ የሚያወጣ በር፣ ምክንያቱም ከጎዴ ወይም ከመተማ በ2 ሰዓት የመጣ ሕመምተኛ በጥበቃ ፍተሻ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ አውሮፕላኑ ዋጋ የለውም። የኪራዩ ታሪፍም በትልቁ አውሮፕላን ልክ ሳይሆን በክብደት የሚታሰብ ይሁን። እንዲያም ሆኖ ቦሌ የሕዝብ ሰፈር መሃል ስለሆነ፣ የሥልጠና በረራው አብዛኛው ከከተማ ውጭ ወዳለ አነስተኛ ሜዳ ቢወጣ ይሻላል። ቦሌ ላይ የሚቀረው ሐኪሙ፣ ቻርተሩና የቅየሳ በረራው ይሁን።

ቦሌን አንዳንዶች በሙሉ ቤትና ቢሮ እናድርገው ይላሉ፣ ቴምፕልሆፍን ጠቅሰው መናፈሻ የሚሉም አሉ። ሁለቱም አሳማኝ ነገር አላቸው፣ መናፈሻው በተለይ። አረንጓዴ ቦታ በጠፋበት ከተማ እኔም አልጠላውም። ግን ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ጎንደር ላይ ምጥ የያዛት እናት፣ ኦሞ ሸለቆ ላይ የተጎዳ ተጓዥ፣ አፋር ላይ የፈላ አንበጣ ሲኖር፣ ከአዲስ አበባ የምትነሳው ትንሽ አውሮፕላን የምታድረው የት ነው? ይህን የሚመልስ አንድ ገጽ በቦሌ የወደፊት ጥናት ውስጥ መግባት ያለበት አሁን ነው። ኮንትራክተሩ አቡሴራ ላይ አፈር እያነሳ ነው።